የቆሙ መኪኖች ወረፋ

በሰሜን ፊንላንድና በሰሜን ስዊድን ከተሞች የመኪና መቆሚያ ውስጥ የገባ እንግዳ ዐይኑ የሚያርፍበት አንድ ነገር አለ። በየመኪናው ፊት ለፊት ከወገብ የማታልፍ የብረት ምሰሶ ተተክላለች፤ ከእሷ የወጣ ገመድ በመኪናው አፍንጫ በኩል ይገባል። መኪናው ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ አይደለም፤ የሚጠጣው ቤንዚን ወይም ናፍጣ ነው። ልማዱም የኤሌክትሪክ መኪና በገበያ ከመታየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የነበረ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ ባትሪ ይደክማል፣ ጠዋት መኪና ማስነሣት ፈተና ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ላይ 500 ዋት ገደማ የሚወስድ ማሞቂያ ይገጠማል፤ አንዳንዱ ሰው የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቅ ሌላም ይጨምርበታል።

በምሰሶዋ ውስጥ ያለው ሶኬት፣ ፊውዝና ታይመር ነው። ነዋሪው ማታ ገመዱን ሰክቶ ነገ የሚወጣበትን ሰዓት ይሞላል፤ ታይመሩም መውጫው ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ኃይሉን ይለቃል። ሌሊቱን ሙሉ ማሞቅ ኪሳራ እንጂ ጥቅም የለውም። ዘዴው ለአንድ ሰው ኪስ በጣም ጥሩ ነው፤ ለመቆሚያው ገመድ ግን አዲስ ችግር ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ሥራ የሚወጣው በተቀራራቢ ሰዓት ነውና መቶ ታይመር አንድ ላይ ይነቃል። 500 ዋት በመቶ ሲባዛ 50 ኪሎዋት ነው፤ ከተማው ሁሉ ቡና በሚያፈላበትና ቤቱን በሚያሞቅበት ሰዓት። በካናዳ ማኒቶባ ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው የውጪውን ቅዝቃዜ እየለካ ኃይሉን የሚያፈራርቅ መቆጣጠሪያ ነው። ለአንዱ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፣ ያቋርጥበታል፣ ለሌላው ያዞራል። ሞተር ትልቅ ብረት ነው፣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ቢያጣ አይጎዳም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ከዚያች ምሰሶ የሚወለድ ነው። የቆመ መኪና አይቸኩልም። ማታ የገባ መኪና የሚጠበቅበት ጠዋት ዝግጁ ሆኖ መገኘት ብቻ ነው፤ በመካከሉ ኃይሉን በስንት ሰዓት እንዳገኘ ባለቤቱ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ቤተሰብ ሮቶ የሚሞላው እንደዚሁ ነው፤ ቀጭን ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ አድሮ ቢሞላውም ጠዋት ሙሉ ከሆነ ማንም ቅር አይለውም። መኪና በሚቆምበት ቦታ ዋናው እጥረት የኤሌክትሪክ እጥረት አይደለም። ተራ የሚያስይዝ ነው የጠፋው። ተራ ለማስያዝ ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ማን ምን ያህል እንደወሰደ በየደቂቃው የሚናገር ቆጣሪ፣ ከሩቅ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ።

ይህን በቁጥር ለማየት ወደ ራሳችን ግቢ እንምጣ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገድ በቢዋይዲና ከቻይና በመጡ የፎልክስቫገን አይዲ መኪኖች ተሞልቷል። መካከለኛ መጠን ያለው የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎሜትር ለመሄድ 17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው እንግዲህ ማታ መልሶ መሙላት ያለበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከ16 አምፔር ሶኬት በ220 ቮልት የሚገኘው 3.5 ኪሎዋት ስለሆነ ሥራው በሁለት ሰዓት ያልቃል። 3.5 ኪሎዋት ማለት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው ኃይል ነው። መኪናው ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ቆሞ ያድራል። ለሁለት ሰዓት ሥራ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አለው።

አሁን አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ እናስብ፤ 40 የኤሌክትሪክ መኪና ያድርበታል እንበል። ሁሉም ከሥራ ተመልሰው ወዲያው ቢሰኩ 40 በ3.5 ሲባዛ 140 ኪሎዋት ይሆናል። ያ ደግሞ እራት የሚሠራበት፣ ምጣዱ የተጣደበት፣ መብራትና ቴሌቪዥን ሁሉ የበራበት ሰዓት ነው። በአንጻሩ 40ዎቹ መኪኖች በድምሩ የሚፈልጉት 280 ኪሎዋት ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ባለው ስድስት ሰዓት ውስጥ ቢከፋፈል በማንኛውም ቅጽበት የሚያስፈልገው 47 ኪሎዋት ብቻ ነው። ምጣዱ ተነሥቷል፣ ሰው ተኝቷል፣ ትራንስፎርመሩም አርፏል። መኪኖቹ ያው፣ የሚሞላውም ኤሌክትሪክ ያው፣ ጠዋት የሚነዳው መንገድም ያው ሆኖ የገመዱ ሸክም ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር ለይቶ መናገር ይገባል። ኪሎዋት በአንድ ቅጽበት የሚሳበው ኃይል ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ በጊዜ ውስጥ የተጠራቀመው። ሒሳብ የሚመጣብን በሁለተኛው ነው፤ ትራንስፎርመር የሚያቃጥለው ግን የመጀመሪያው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የቤት መኪኖቻችንን ጥም ለማርካት ከበቂ በላይ ነው። ያ ሁሉ ኃይል ግን ወደ አንድ ግቢ የሚገባው በአንድ ትራንስፎርመርና በአንድ ወፍራም ገመድ ነው። ግቢው በአንድ ጊዜ ከአቅም በላይ ሲስብ መስመሩ ጫፍ ላይ ያሉት ቤቶች መብራታቸው ይደበዝዛል፣ የትራንስፎርመሩ ዘይት ይግላል፣ በውስጡ ያለው መሸፈኛ ያለ ዕድሜው ያረጃል፤ ቀጥሎ ፊውዙ ይሄዳል፣ ሰፈሩም በጨለማ ያድራል። ግድብ ላይ ያለ ኃይል ይህን አይከለክልም።

ስለ ቆጣሪው እንናገር። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤዲሰን በኒው ዮርክ ለደንበኞቹ የገጠመው ቆጣሪ የዚንክ ጨው በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ የዚንክ ሰሌዳዎች ያሉበት ማሰሮ ነበር። በየወሩ ሠራተኛ መጥቶ ሰሌዳዎቹን ያወጣል፣ ይመዝናል፣ ከክብደታቸው ለውጥ ሒሳቡን ያሰላል። በ1889 እ.ኤ.አ. ሃንጋሪያዊው ኦቶ ብላቲ በቡዳፔስት የሠራው በማግኔት ኃይል የሚሽከረከር ሰሌዳ ያለው ቆጣሪ ከመቶ ዓመት በላይ ዓለምን አገለገለ፤ ዛሬም በብዙ ቤታችን በር ላይ ሲዞር ይታያል። ሁለቱም የሚያውቁት ድምሩን ብቻ ነው። ወሩ ሲያልቅ 300 ተበላ ይላሉ፤ በምጣድ ሰዓት ይሁን በእንቅልፍ ሰዓት አያውቁም። ስማርት የሚባለው ቆጣሪ የሚለየው በዚህ ነው። በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ የተወሰደውን ይመዘግባል፣ መዝገቡን በሬዲዮ፣ በሞባይል መረብ ወይም በኤሌክትሪክ ገመዱ ራሱ ይልካል፣ ብዙውን ጊዜም ከሩቅ የሚከፈትና የሚዘጋ ሪሌይ በውስጡ አለው። የጣሊያኑ ኤኔል ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 30 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያለ ቆጣሪ ተከለ፤ ፈረንሳይም ሊንኪ በተባለው ቆጣሪዋ ተከተለች። በአገራችን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በትልልቅ ደንበኞቹ ዘንድ እንዲህ ያሉ ቆጣሪዎችን መትከል ጀምሯል።

ከሩቅ ማዘዝ ግን ከኢንተርኔት በፊትም ነበረ። በፈረንሳይ ከ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ ጋር አንድ ላይ 175 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ምልክት በገመዱ ይላክ ነበር፤ በየቤቱ ያለ መቀበያ ይሰማውና የውሃ ማሞቂያውን ሌሊት ያበራው ነበር። ሌላው መንገድ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው 20 አሃዝ ያለው የቅድመ ክፍያ ቁጥር ነው። ቆጣሪው ከማንም ጋር የሚያገናኘው መስመር የለውም፤ ትእዛዙን የሚያደርስለት ቁጥሩን የሚነካካው ባለቤቱ ራሱ ነው። የዚህ ሥርዓት ቁጥሮች ከ1993 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ የተቆጠረ ደቂቃ ይዘው ሲወጡ ኖረው ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ቀን 2024፣ የመቁጠሪያ ቦታቸው ሞላ። ከዚያ በፊት በብዙ አገሮች የሚገኙ ሚሊዮኖች ቆጣሪዎች አንድ በአንድ አዲስ ቁጥር እንዲገባባቸው ግድ ሆነ። ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ ሠላሳ ዓመት ይቆያል፤ ሲገዛ የነበረው ውሳኔ ከገዛው ሰው ዕድሜ ጋር ይወዳደራል።

የመኪና ቻርጀር የሚባለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን ለመሆኑ ምን ይሠራል? ስሙ ያታልላል እንጂ ባትሪውን የሚሞላው መሣሪያ በመኪናው ውስጥ ነው። ሳጥኑ ቆጣሪ፣ ማቋረጫ፣ ሲዘጋ ዋናውን ኃይል የሚያገናኝ ኮንታክተር የተባለ ማብሪያና አንዲት ብልህ የምልክት ሽቦ የያዘ በረኛ ነው። ይህችን ሽቦ ጠጋ ብሎ መመልከት ይገባል፤ የሩቅ ቁጥጥሩ ሁሉ የሚያልፈው በእሷ ነውና።

መኪና ሳይሰካ በሽቦዋ ላይ ያለው 12 ቮልት ነው፣ ዋናው ገመድ ግን ሙት ነው፤ ልጅ ቢነካው፣ ዝናብ ቢመታው ምንም የለም። ሶኬቱ መኪናው ውስጥ ሲገባ በመኪናው ያለው ተቃዋሚ 12ቱን ወደ 9 ቮልት ያወርደዋል፤ ሳጥኑ መኪና መጣ ብሎ ያውቃል። መኪናው ለመሙላት ሲዘጋጅ 6 ቮልት ይሆናል፤ ኮንታክተሩ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ ኃይሉም ይለቀቃል። ሳጥኑ በበኩሉ ሽቦዋን በሰከንድ ሺህ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ለመኪናው ይናገራል። ከእያንዳንዱ ምት ውስጥ የበራበት ጊዜ 10 በመቶ ከሆነ ከ6 አምፔር በላይ አትውሰድ ማለት ነው፤ 27 በመቶ ገደማ ሲሆን 16 አምፔር፣ 53 በመቶ ገደማ ሲሆን 32 አምፔር። መጠኑ በማንኛውም ሰዓት ሊቀየር ይችላል፤ መኪናውም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የመታዘዝ ግዴታ አለበት። በአውሮፓውያኑ መሰኪያም ሆነ አዲስ አበባን በሞላው የቻይና መሰኪያ የሽቦዋ ቋንቋ አንድ ነው። ሰሜን አሜሪካ ለሚኖር ወገናችንም መሰኪያው ይለይ እንጂ ምልክቱ ያው ነው።

ከዚህ ሕግ የሚወለድ አንድ ገደብ አለ። ከ6 አምፔር በታች የሚባል ትእዛዝ የለም። አንድ ባለ 32 አምፔር መስመር ለዐሥር መኪና እኩል ይከፈል ቢባል ለእያንዳንዱ 3.2 ይደርሳል፤ ያን ደግሞ ማንም መኪና አይቀበለውም። ስለዚህ አምስቱ ይሞላሉ፣ አምስቱ ይጠብቃሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይፈራረቃሉ። እውነተኛ ወረፋ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወረፋ ካለ ደግሞ ማን ይቅደም የሚል ጥያቄ አይቀርም።

ቀድሞ የመጣ ይቅደም ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ የመጣ ጡረተኛ ሌሊት 10 ሰዓት ወደ ቦሌ ኤርፖርት የሚወጣውን የታክሲ ነጂ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የተሻለው ሕግ ቀድሞ የሚወጣ ይቅደም የሚለው ነው። ችግሩ፣ በዚያች ሽቦ መኪናው ባትሪው ስንት በመቶ ላይ እንደሆነ አይናገርም፤ መቼ እንደሚወጣማ ጭራሽ አያውቅም። ስለዚህ ሰውየው መናገር አለበት። በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ከተማ የሚገኘው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. በአንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ይህን ሞከረ። በፕሮፌሰር ስቲቨን ሎው የሚመራው ቡድን 54 ቻርጀር ተከለ፤ ሁሉም በሙሉ ኃይል ቢሠሩ የጋራዡ ትራንስፎርመር አይሸከማቸውም። ነጂዎች በስልካቸው የሚወጡበትን ሰዓትና የሚፈልጉትን መጠን ይሞላሉ፤ ኮምፒዩተሩ በየጥቂት ደቂቃው ሒሳቡን እንደ አዲስ ሠርቶ ለእያንዳንዱ መኪና አምፔር ያድላል። አሠራሩ ሠርቷል። ከተሰበሰበው መረጃ የታየው ሌላው ነገር ግን የሰው ልጅ መቼ እንደሚወጣ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን እንደማይናገር ነው። በክፋት አይደለም፤ ስብሰባው ይረዝማል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይጠራል። እናም ጥሩ ወረፋ አስያዥ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን የቆየውን ልማድም ያያል፣ ለማንም ቢሆን ቤቱ የሚያደርሰውን ያህል አስቀድሞ ይሞላለታል።

ሳጥኑና ወረፋ አስያዡ የሚነጋገሩበት ቋንቋም ጉዳይ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ኢላድ የተባለ ተቋም ያስጀመረው ኦሲፒፒ የተባለ ክፍት የመልእክት ደንብ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ጀምር፣ አቁም፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ከዚህ አምፔር አትለፍ፣ ቆጣሪህ ስንት ላይ ነው የሚሉትን መልእክቶች ይዟል። የራሱን የተቆለፈ ቋንቋ ብቻ የሚናገር ሳጥን የገዛ ግቢ ግን ሻጩ ድርጅቱን የዘጋ ዕለት በግድግዳው ላይ የፕላስቲክ ጌጥ ተሰቅሎ ይቀርለታል። መሣሪያ በጅምላ ለሚያስገቡ ነጋዴዎቻችንና ለሚገዙ ማኅበራት ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ አደጋው። ከሩቅ ማጥፋትና ከሩቅ ማብራት እኩል አይደሉም። ማጥፋት ቢበዛ አንድ ሰው ጠዋት ባትሪው ሳይሞላ እንዲያገኘው ያደርጋል። ሲበራ ግን በዚያ ሰዓት ገመዱን የያዘ ሰው፣ በውሃ ውስጥ የወደቀ ማራዘሚያ፣ ሶኬት ከፍቶ የሚጠግን ኤሌክትሪሻን ሊኖር ይችላል። የመኪና ሳጥን በዚያች የምልክት ሽቦ ምክንያት ከዚህ አደጋ የተጠበቀ ነው፤ መኪናው ተሰክቶ ዝግጁ ነኝ ካላለ ከሩቅ ማንም ቢያዝ ኮንታክተሩ አይዘጋም። ተራ ሶኬት ላይ በስልክ የሚታዘዝ ሪሌይ መግጠም ግን ይህ ጥበቃ የለውም። በአንዳንድ ግቢ ከላይ ፎቅ በመስኮት ወርዶ መኪና ውስጥ የሚገባ ማራዘሚያ ማየት ተለምዷል። ለምጣድ እንኳ የማይበቃ ቀጭን ገመድ፣ ሰዓታት ሙሉ 16 አምፔር ሲያልፍበት፣ ተጠምጥሞ እንደተቀመጠ ሲግል፣ መሬት ላይ የዝናብ ውሃ ሲተኛ፤ ይህ ሰው ሊገድል የሚችል ነገር ነውና ዝም ሊባል አይገባም።

ሁለተኛው አደጋ የመስመር መቋረጥ ነው። ሳጥኑ ከወረፋ አስያዡ ጋር ያለው ግንኙነት ሲጠፋ ምን ያድርግ? ሙሉ ኃይል ከወሰደ ትራንስፎርመሩ አለቀለት፤ ጨርሶ ከዘጋ ግቢው ሁሉ ጠዋት ባዶ ባትሪ ይዞ ይነሣል። ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ የተወሰነ ዝቅተኛ መጠን ይዞ መቀጠል ነው፤ ያ መጠን በሳጥኖቹ ቁጥር ሲባዛ ገመዱ የሚችለው እስከሆነ ድረስ። በተለይ ምድር ቤት ውስጥ ባለ መቆሚያ የሞባይል ኔትወርክ አይገባም፤ ኮንክሪቱ ይውጠዋል። ስለዚህ ወረፋ አስያዡ በሌላ አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከሚቀመጥ እዚያው ግቢው ፓኔል አጠገብ ቢኖርና ከሳጥኖቹ ጋር በሽቦ ቢገናኝ ይመረጣል። ኢንተርኔት ሲመጣ ሪፖርቱን ይልካል፤ ሳይመጣም ሥራውን ይሠራል።

ሦስተኛው ለእኛ ከሌላው ሁሉ ይቀርበናል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪጁ፣ ምጣዱ፣ የውሃ ፓምፑ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ መብራቱ እንደመጣ ተመልሶ የሚጠፋው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ 40 መኪና ሲጨመርበት መስመሩ መቆም አይችልም። ብሪታንያ ከጁን 30 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገችው ሕግ ለግል አገልግሎት የሚሸጥ የመኪና ቻርጀር ሁሉ ሥራ ሲጀምር እስከ 10 ደቂቃ የሚደርስ፣ ለእያንዳንዱ ሳጥን በዕጣ የሚወጣ መዘግየት እንዲኖረው አዛለች። አንዱ በ40 ሰከንድ፣ ሌላው በ7 ደቂቃ ይነሣል። ሕጉ የተጻፈው መብራት እምብዛም ለማይጠፋበት አገር ነው፤ የበለጠ የሚጠቅመው ግን አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርንና ሐዋሳን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከሶፍትዌር በቀር ምንም አይጨምርም።

ከኤሌክትሪኩ ይልቅ የሚከብደው ሒሳቡ ነው። የኮንዶሚኒየም ማኅበር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ክርክሩን ያውቀዋል፦ "እኔ የምከፍለው ለደረጃው መብራት ነው እንጂ ለሰው መኪና አይደለም!" እውነት አላቸው። በጋራ ቆጣሪ ላይ የተሰካ መኪና መኪና የሌለውን ጎረቤት ያስከፍላል። በራስ ቤት ቆጣሪ ላይ ቢሰካም ሌላ ጣጣ አለ፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን ፍጆታው ባደገ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓት ዋጋው በእርከን የሚያድግ በመሆኑ የመኪናው ድርሻ የቤቱን ሒሳብ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋዋል። መውጫው ለእያንዳንዱ የመኪና ቦታ የራሱ ንዑስ ቆጣሪ ኖሮት ሒሳቡ ለየብቻው እንዲወጣ ማድረግ ነው። ቆጣሪው የታመነ መሆን አለበት። ጀርመን በዚህ ጥብቅ ናት፦ በመንገድ ዳር ቻርጀር ላይ የሚሸጥ እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት በተመረመረ ቆጣሪ መለካት አለበት፣ ንባቡም በዲጂታል ፊርማ ታሽጎ ደንበኛው ራሱ ሊያረጋግጠው በሚችል መልኩ መሰጠት አለበት። በእኛ ግቢ ፊርማው ቢቀር እንኳ ነዋሪው ቆሞ ቁጥሩን በዐይኑ የሚያነብበት መስኮት ያለው፣ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተፈተሸ ቆጣሪ መሆን ይኖርበታል። ክፍያውማ ችግር የለውም፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በከፈተው ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ነጂዎች በቴሌብር መክፈል ጀምረዋል።

ፈጣን ጣቢያ እዚህ የማንነጋገርበት ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ነጂው ቆሞ ይጠብቃል፣ ተራ ማስያዝም አይመችም። የከተማ መኪና ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። ይህን ቀድማ የተረዳችው ኖርዌይ ናት። በ2024 እ.ኤ.አ. እዚያ ከተሸጡ አዳዲስ መኪኖች 88.9 በመቶው በባትሪ ብቻ የሚሄዱ ነበሩ። በአፓርታማ ጋራዦቿ የተለመደው አሠራር ከጣሪያው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዘርጋት ነው፤ አዲስ መኪና የገዛ ነዋሪ ሳጥኑን በራሱ ቦታ ላይ ከገመዱ ጋር ያገናኛል፣ ወረፋ አስያዡም ከዚያ ዕለት ጀምሮ ይቆጥረዋል። የሕንጻው ዋና ቆጣሪ ምድጃውና ማሞቂያው ምን ያህል እንደወሰደ በየጥቂት ሰከንዱ ይናገራል፤ ለመኪኖቹ የሚደርሳቸው ከዚያ የተረፈው ነው። ምድጃ ሲበራ መኪኖቹ ዝቅ ይላሉ፤ ምድጃ ሲጠፋ ከፍ ይላሉ። ነዋሪው ይህ ሁሉ ሲሆን አይሰማውም።

እንዲህ ያለ ግቢ ለመሥራት በእኛ አገር ዛሬ ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ ርካሹም ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከዐሥር በላይ የመኪና ቦታ ያለው አዲስ የመኖሪያ ሕንጻ ለእያንዳንዱ ቦታ የገመድ ማሳለፊያ ቱቦ እንዲቀበርለት አዝዞ ነበር፤ ቻርጀሩ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ቱቦ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ሲቀበር ዋጋው ከሕንጻው ወጪ አንጻር የሚቆጠር አይደለም፤ ካለቀ ሕንጻ ላይ ወለል ሰብሮ ማሳለፍ ግን ማኅበሩን ያከሳል። ሌላው ኤሌክትሪሻኑ ሊያስበው የሚገባ ነገር የፌዝ ጉዳይ ነው። ስሪ ፌዝ፣ ማለትም በሦስት መስመር የሚመጣ ኃይል፣ በገባበት ግቢ 40ዎቹም ሳጥኖች በአንድ ዓይነት የፌዝ ቅደም ተከተል ከታሠሩ በአንድ ፌዝ የሚሞሉት መኪኖች ሁሉ ሸክማቸውን በአንዱ ላይ ይጥሉና ሁለቱ ፌዞች ሥራ ፈትተው አንዱ ይቃጠላል። የመጀመሪያው ሳጥን በቀዩ፣ ሁለተኛው በቢጫው፣ ሦስተኛው በሰማያዊው እየተባለ በዙር ከታሠረና የትኛው ቦታ በየትኛው ፌዝ ላይ እንዳለ በፓኔሉ በር ላይ ከተጻፈ፣ ወረፋ አስያዡ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ማከፋፈል ይችላል።